ሕልም እንደ ፈቺው አይደለም

ይህን ጽሑፍ በግለ ሒስ እንጀምራለን። ወደ ሌላው ጣት ከመቀሰር በፊት የራስን ጥፋት መናገር ይቀድማልና።

አምና በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት፣ ፈተና ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው፣ አንዲት የክፍል ጓደኛችን ጧት ምግብ ቤት አጠገባችን ተቀመጠችና ሌሊት ያየችውን ሕልም ነገረችን። ጥርሶቿ አንድ ባንድ እየወለቁ መዳፏ ላይ ይጠራቀማሉ። ደም የለም፤ ሕመምም የለም። እሷ ግን መዳፏን ጨብጣ፣ አፏን ገጥማ፣ ማንም እንዳያይባት ትሮጣለች። ሕልሙ ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም።

እኛስ ምን አልን? አንዳችን ሻዩን እያማሰለ፣ «ጥርስ ዘመድ ነው፤ የላዩ ያባት ወገን፣ የታቹ የናት ወገን» አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ፣ «ለመሆኑ የወለቀው የትኛው ነው?» አላት። «የታቹ መሰለኝ» አለች። ሦስተኛው ምንም አልተናገረም፤ ከንፈሩን ብቻ መጠጠ። ያ የከንፈር መምጠጥ ከሁለቱ ንግግር የባሰ ነበር። ልጅቱ ቀኑን ሙሉ ወደ አገር ቤት ብትደውል ስልኩ አልገባ አላት። በማግስቱ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት መናኸሪያ ወረደች። ሁለት ቀን ተጉዛ ስትደርስ እናቷን ደጅ ላይ በርበሬ ሲያሰጡ አገኘቻቸው። እናት ደኅና ናቸው፤ እሰየው። ልጅቱ ግን ሁለት ፈተና አመለጣት፤ በዚያም ሰበብ ዓመት ወደ ኋላ ቀረች።

ይህን ያደረገው ጠንቋይ አይደለም። ያደረግነው እኛ ነን፤ ያውም ሦስተኛ ዓመት የደረስን፣ ተምረናል የምንል። ስለዚህ ዛሬ የምንሞግተው ከሁሉ በፊት ራሳችንን ነው። ሙግታችንም ባጭሩ ይህ ነው፦ ሕልም ሊሠራበት የሚገባ ነገር ነው፤ የሚሠራበት ግን ያየው ሰው ራሱ ነው። ከውጭ መጥቶ «ይህ ማለት ይህ ነው» የሚል ሁሉ፣ የአያቶቹን ፍቺም ይያዝ የሳይንስ መጽሐፍ፣ የሰው ንብረት እየወሰደ ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው የውጭ አገር ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ወደ ፈቺዎች እንሂድ። «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱን የምንጠላ አይደለንም። ደኅና አድርገው ካዳመጡት ማስጠንቀቂያ ነው፤ የፈቺ አፍ ኃይል አለውና ሕልምህን ለማን እንደምትነግር ዕወቅ ማለት ነው። አስተዋይ እናት ሕልም ሲነገራት አስቀድማ «ለደግ ያድርገው» ትላለች፤ ሌላ ቃል ቢኖራት ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ግን ማስጠንቀቂያውን ወደ ፈቃድ ለወጥነው። «እንደ ፈቺው ከሆነማ እኔ ልፍታው!» አልን።

«ዮሴፍስ? ዳንኤልስ?» የሚሉን ይኖራሉ። መልካም ጥያቄ ነው። ሁለቱም ግን በነገሥታት ፊት ቆመው፣ ፍቺው የእግዚአብሔር ነው እንጂ የእኔ ጥበብ አይደለም ብለዋል። ከምግብ ቤታችን ፈቺዎች መካከል ይህን ያለ እስካሁን አልሰማንም።

የሕልም መፍቻ መጽሐፍ አባት የሚባለው ግሪካዊው አርጤሚዶሮስ በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ ሰው ነው። የዛሬ 1800 ዓመት ገደማ አምስት መጻሕፍት ሙሉ ፍቺ ሲደረድር እንኳ፣ ፈቺው አስቀድሞ አላሚው ማን እንደ ሆነ፣ ሥራው ምን እንደ ሆነ፣ ሀብታም ይሁን ድኻ፣ ያገሩ ልማድ ምን እንደ ሆነ መጠየቅ አለበት ብሎ ነበር። አንዱ ሕልም ለባሪያና ለጌታ አንድ አይደለም ማለቱ ነው። የዛሬዎቹ ፈቺዎች ይህችን ታህል እንኳ አይጠይቁም።

ከባህላዊው ፈቺ የሚብስብን ግን ባለ ዲግሪው ፈቺ ነው። «ፍሮይድ እንዳለው» ብሎ ይጀምራል። ፍሮይድ ምን አለ? የሕልም መጽሐፉ የወጣው በ1899 መገባደጃ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ግን 1900 ተጽፎበታል። የመጀመሪያው እትም 600 ቅጂ ነበር፤ ተሸጦ እስኪያልቅ ስምንት ዓመት ያህል ፈጀ። በዚያ መጽሐፍ ያስተማረው ዋና ዘዴ ሕልምን ባንድ ቁልፍ ከፍቶ መግባት አልነበረም፤ ሕልሙን ቆራርጦ፣ ለያንዳንዱ ቁራጭ አላሚውን «ይህ ምን ያስታውስሃል?» ብሎ መጠየቅ ነበር። የምልክቶች ዝርዝር እየሰፋ የሄደው በኋለኞቹ እትሞች ነው፤ በ1914ቱ እትም ራሱን የቻለ ክፍል ተሰጠው። የግቢያችን ፍሮይዳውያን ታዲያ ጥያቄውን ጥለው ዝርዝሩን ሸመደዱ። በእጃቸው ያለው ያው «ጥርስ ዘመድ ነው» ነው፤ ልዩነቱ ከውጭ አገር መምጣቱ ብቻ ነው።

ምሳሌ እንስጥ። አንድ የዶርም ጓደኛችን አዲስ ሞፈር ተሸክሞ የዶርሙን ደረጃ ሲወጣ በሕልሙ አየ። ሞፈሩ ረጅም ስለ ሆነ የደረጃው መታጠፊያ ላይ አልዞር ይለዋል። ከላይ የሚወርዱ ተማሪዎች ይሥቃሉ። ዘበኛው ከታች «መታወቂያ!» እያለ ይጮኻል። እሱም ሞፈሩን ግድግዳው ላይ ያስደግፍና እጁን አራግፎ ይገባል።

ይህን እንደ ነገረን አንዱ፣ «ሞፈር ምን እንደ ሆነ ግልጽ አይደለም እንዴ?» ብሎ ሣቀ፤ ለሱ ረጅም ነገር ሁሉ አንድ ነገር ነው። መንፈሳዊው ጓደኛችን ወንጌል ጠቅሶ፣ እርፍ ይዞ ወደ ኋላ ስለሚያይ ሰው አስተማረን። ፖለቲከኛው ደግሞ «ይህማ የመደብ ጥያቄ ነው፤ ገበሬው ከዩኒቨርሲቲው ደጅ ሲመለስ ነው ያየኸው» አለ። ሦስቱም አማረላቸው። እነሱ ሲያምርላቸው የሕልሙ ባለቤት አንገቱን ደፍቶ ካልሲውን ያጠልቅ ነበር፤ ልብ ያለው የለም።

ከሳምንት በኋላ፣ በሌላ ወሬ መኻል፣ አንዱ እንዲያው «ሞፈሩ አዲስ ነበር ብለኸን ነበር፤ ማን ጠረበው?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ ዝም አለ። ቆይቶ፣ «አባቴ ናቸው። ክረምት ስትመጣ አብረን እንጠርበዋለን ብለውኝ ነበር። እንጨቱን ቆርጠው አድርቀው ጠበቁኝ። እኔ የክረምት ኮርስ አለብኝ ብዬ ቀረሁ። ኮርስ አልነበረብኝም» አለን። ከዚያም «ሞፈር ዘመት እንኳ ሞፈሩን ይዞ ነው የሚሄድ» ብሎ ሣቀ፤ ሣቁ ግን የሣቅ አልነበረም።

እንግዲህ ተመልከቱ። የትኛውም የፍቺ መጽሐፍ «ሞፈር» የሚል ቃል ሊኖረው ይችል ይሆናል። የሕልሙ ነገር ያለው ግን ሞፈሩ ላይ አልነበረም፤ «አዲስ» የምትለዋ ቃል ላይ ነበር። ያችን ቃል ማን እንደ ጠረባት የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሦስት ሊቃውንት ያልደረሱበትን አንዲት ተራ ጥያቄ ደረሰችበት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን፣ ወደ ናቂዎቹ እንለፍ። እነዚህ «ሕልም የአንጎል ጥራጊ ነው፤ ሳይንስ ዘግቶታል» ይላሉ። ሳይንስ የዘጋውን በር እስቲ እንየው። በ1953 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዩጂን አሰሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን፣ ተኝቶ የሚያድር ሰው ዓይኑ በየጊዜው በፍጥነት የሚንቀሳቀስበት የእንቅልፍ ክፍል እንዳለ፣ በዚያ ሰዓት የተቀሰቀሰም ብዙውን ጊዜ ሕልም እንደሚናገር አሳወቁ። በ1977 ደግሞ በሐርቫርድ አለን ሆብሰንና ሮበርት ማካርሊ፣ ሕልም የሚነሣው ከአንጎል ግንድ በሚወጣ ዝብርቅርቅ ምልክት ነው፤ የፊተኛው አንጎል ያን ተቀብሎ እንደ ምንም አገናኝቶ ታሪክ ያደርገዋል አሉ። ናቂዎቻችን ያነበቡት እስከዚህ ድረስ ነው።

ከዚህ ያለፈውንም ቢያነቡ ጥሩ ነበር። በ1990ዎቹ ማርክ ሶልምስ የአንጎል ጉዳት ያለባቸውን ሕሙማን መርምሮ፣ የፊተኛው አንጎላቸው የተወሰነ ቦታ የተጎዳ ሰዎች ያ የዓይን እንቅስቃሴ ያለበት እንቅልፍ ሳይጠፋ ሕልማቸው እንደሚጠፋ አሳየ። የአንጎል ግንድ ብቻውን ሕልም አይሠራም ማለት ነው። ሆብሰን ራሱም ቢሆን ሕልሙን ለብዙ ዓመት በማስታወሻ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። የተቃወመው የተደበቀ ምስጢር የሚፈታ ቁልፍ አለ የሚለውን ነበር፤ በዚህማ ከኛ ጋር ነው።

ደግሞስ የመነሻው ምልክት ዝብርቅርቅ ቢሆንስ? ክረምት ላይ ዳመና ሲቆለል አንዱ ልጅ በግ ያያል፤ ሌላው ምሽግ ያያል። ዳመናው ውኃ ነው። በጉና ምሽጉ ግን የልጆቹ ናቸው። ምሽግ ያየውን ልጅ «ዳመና ውኃ ነው» ብሎ ዝም የሚያሰኝ ሳይንቲስት አይደለም፤ ሰነፍ ነው።

ለናቂዎቹ የሚገባቸውን እንሰጣለን። ሕልም ነገን ይናገራል ለሚለው ማስረጃ የለም፤ የጓደኛችን እናት በርበሬ ያሰጡ ነበር። ሕልም ሁሉ ጥልቅ ነው የሚለውም ትክክል አይደለም። እኛ ራሳችን ሦስት ቀን የተመራመርንበት የዶሮ ወጥ ሕልም ሁዳዴ ነበርና ተራ የጾመኛ ሕልም ሆኖ አረፈው።

ሦስተኛው ወገን ከሁሉ የሚከብደን ነው፤ ብዙዎቹ የምንወዳቸው ጓደኞቻችን ናቸውና። እነዚህ «አገር እንዲህ ሆና፣ ሕዝብ ተርቦና ተፈናቅሎ፣ እናንተ ትራስ ሥር ደብተር አስቀምጣችሁ ሕልማችሁን ትጽፋላችሁ? ይህ የግለኝነት ቅንጦት ነው» ይሉናል። ቃሉ ይከብዳል፤ ስለዚህ መልሱን ከበርሊን እናምጣ።

ሻርሎት ቤራት በበርሊን የምትኖር አይሁዳዊት ጋዜጠኛ ነበረች። ሂትለር በ1933 ሥልጣን ሲይዝ የመጻፍ በር ተዘጋባት። እሷም እስከተሰደደችበት እስከ 1939 ድረስ የሰው ሕልም ሰበሰበች። ልብስ ሰፊዋን፣ ጎረቤቷን፣ ወተት ሻጩን ሌሊት ምን እንዳዩ ትጠይቃለች። በዚህ ዓይነት የ300 ያህል ሰዎችን ሕልም አከማቸች። ስትጽፍ ሂትለርን «አጎት ሐንስ»፣ ፓርቲውን «ቤተሰብ»፣ መታሰርን «ጉንፋን» ትለዋለች። ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ወረቀቱን በመጻሕፍት ጥራዝ ውስጥ ደበቀችው፤ የቀረውን ውጭ አገር ላሉ ወዳጆቿ ላከችው። መጽሐፉ የታተመው በ1966 ነው።

ከሕልሞቹ አንዱ የአንድ የፋብሪካ ባለቤት ነው። ያየውም ሂትለር ሥልጣን በያዘ በሦስተኛው ቀን ነው። በሕልሙ ጎብልስ ፋብሪካውን ሊጎበኝ ይመጣል። ሠራተኞቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል። ሰውዬው በራሱ ሠራተኞች ፊት እጁን ለሰላምታ ለማንሣት ግማሽ ሰዓት ይታገላል፤ እጁ በጥቂት በጥቂት ነው የሚነሣው። በመጨረሻ እጁ ሲነሣ ጎብልስ ሰላምታህን አልፈልግም ይለውና ዞሮ ይሄዳል። በ1934 ደግሞ አንድ ሐኪም ሶፋው ላይ ተጋድሞ ሲያነብ የቤቱ ግድግዳዎች ባዋጅ ሲጠፉ አየ። ይህን ሕልም ጽፎ አስቀመጠው። ከዚያ ምን ቢያይ ጥሩ ነው? ሕልም በመጻፍ ተከስሶ አየ!

እንግዲህ ይህ ቅንጦት ነው? እነዚያ ሰዎች ቀን ቀን ለራሳቸው እንኳ ያልተናገሩትን ሌሊት አውቀውታል። ያ ባለ ፋብሪካ ማን እንደ ሰበረው ለማወቅ ፈቺ አላስፈለገውም። ያስፈለገው ያየውን አክብሮ የሚያዳምጠው ሰው ነበር። እኛም እንጠይቃለን፦ ፍርሃቱ የት እንደሚያድር፣ ውርደቱን በምን እንደሚሸፍን ያላወቀ ወጣት ነገ «ሕዝብን አውቃለሁ» ቢል ማን ያምነዋል? አባቱን «ኮርስ አለብኝ» ብሎ የዋሸውን ያላየ ሰው የገበሬውን ጥያቄ መመለስ ይችላል? ራስን መመርመር ከአገር ጉዳይ መሸሻ ሊሆን ይችላል፤ አንክድም። ራስን አለመመርመርም ሌላው መሸሻ ነው፤ ያውም መፈክር የለበሰ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከጥርሱ ጥፋት ወዲህ ስድስት ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ እንቀመጣለን። ዘዴውን እኛ አልፈጠርነውም። ሞንታግ ኡልማን የሚባለው አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ከ1970ዎቹ ጀምሮ እስከ እርጅናው ሲያስተምረው የኖረውን ወስደን ለዶርማችን ልክ አደረግነው።

አንደኛ፣ ስንነቃ አልጋ ላይ ሳለን፣ ከሰው ሳንነጋገር ስልክም ሳንነካ፣ ያየነውን እንጽፋለን። ሳናስውብ፣ ጎደሎውን በጎደሎነቱ እንተወዋለን። ሁለተኛ፣ ቅዳሜ ማታ መናገር የፈለገ ይናገራል፤ ያልፈለገ ለምን አይባልም። ሦስተኛ፣ የምንጠይቀው ሕልሙን አጥርቶ ለማየት የሚረዳውን ብቻ ነው፦ ሰዓቱ መቼ ነበር? በሩ ወዴት ይከፈታል? አንተ ምን ተሰማህ? አራተኛ፣ ከዚያ በኋላ ማንም «ሕልምህ ይህ ማለት ነው» አይልም። የሚለው «ሕልሙ የኔ ቢሆን ኖሮ» ብሎ ጀምሮ ስለ ራሱ ነው። ባለቤቱ ያዳምጣል፤ የሚስማማውን ይወስዳል፤ የማይስማማውን ይጥላል። በቃ ሲል ይበቃል። አምስተኛ፣ እዚያ የተነገረ ከዚያ አይወጣም። የሞፈሩንና የጥርሱን ታሪክ እንኳ እዚህ የጻፍነው ባለቤቶቹ አንብበው ከፈቀዱ በኋላ ነው።

«ሕልሙ የኔ ቢሆን ኖሮ» የምትለዋ አነጋገር ትንሽ ነገር ትመስላለች። ሞክሯት። አፍ ላይ ስትከብድ ታያላችሁ። በሌላው ሰው ላይ ሊቅ ሆኖ መናገር የለመደ ምላስ ስለ ራሱ ተናገር ሲባል ይተሳሰራል።

አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ጥፋት ይሆንብናል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን የአገራችን ክፍል የተካሄደው ጦርነት ያለፈባቸው ልጆች አብረውን ይማራሉ። ከነሱ መካከል ሌሊት እየጮኸ የሚነቃ አለ። እኛ «ዱካክ ነው፤ በጎንህ ተኛ» ብለን ቀልደን እናልፋለን። «ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» የሚለው ተረት ለሱ አይሠራም፤ እሱ ፈርቶ ሳይተኛ ያድራል። ለዚህ ዓይነቱ ቅዠት የታወቀ መላ አለ። ሰውየው ቅዠቱን ነቅቶ ሳለ አንሥቶ፣ ራሱ እንደ ፈለገ ይለውጠዋል፤ የለወጠውንም በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ በሐሳቡ ይለማመደዋል። በ2001 ባሪ ክራኮውና ባልደረቦቹ በአሜሪካ በኒው ሜክሲኮ የመደፈር ጥቃት የደረሰባቸው 168 ሴቶች በተሳተፉበት ጥናት ይህን ፈትነው፣ ዘዴውን የተማሩት ሴቶች ቅዠታቸው እንደ ቀነሰና እንቅልፋቸው እንደ ተሻሻለ አስታውቀዋል። እዚህም ለውጡን የሚመርጠው ማን እንደ ሆነ ልብ በሉ፤ ሐኪሙ አይደለም፣ ያው ያየው ሰው ነው። ይሁን እንጂ የቅዳሜ ማታ ሸንጎ ሐኪም ቤት አይደለም። እንዲህ ያለ ጓደኛ ያለው ሰው ሳይቀልድበት አብሮት ሄዶ ከባለሙያ ያገናኘው። የኛ ድርሻ እስከዚያ ነው።

በመጨረሻ ወደ እኅታችን እንመለስ። ዘንድሮ ከኛ ጋር ተቀምጣ ነበር። ያንን የጥርስ ሕልም እንደገና ስትነግረን፣ አምና ልንጠይቃት ይገባን የነበረውን ጠየቅናት፦ «መዳፍሽን የጨበጥሽው ማን እንዳያይ ነው?» ብዙ ሳታስብ «እናቴ» አለች። ዲፓርትመንቷን የመረጡላት ቤተሰቦቿ ናቸው። ካንደኛ ዓመት ጀምሮ ልትለውጠው ፈልጋ፣ በየበዓሉ አገር ቤት እየሄደች፣ አፏን ሳትከፍት ተመልሳለች። አምናም ያን ሁሉ መንገድ ሄዳ፣ እናቷ ደኅና መሆናቸውን አይታ፣ ይህንኑ ሳትነግራቸው ተመለሰች። የሚያሳዝነን ይህ ነው። ሕልሟ የላካት ወደ ትክክለኛው ቤት ነበር። የተሳሳተ መልእክት ይዛ እንድትሄድ ያደረግናት እኛ ነን።

እሷ ይቅር ብላናለች። እኛ ግን ነገሩን እዚህ ጻፍነው፤ ነገ ጧት ምግብ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ሻዩን አስቀምጦ «ዛሬ ሌሊት ምን እንዳየሁ ታውቃላችሁ?» ማለቱ አይቀርምና። ያን ጊዜ «ለደግ ያድርገው» በሉ፤ ከዚያም ጠይቁ። አትፍቱ። ሕልም እንደ ፈቺው አይደለም፤ ሕልም እንዳላሚው ነው።